የጊዜ ዳታ ዓይነት ስትመርጡ፦ ታይም_ቲ፣ ታይምቫል፣ ታይምስፔክ፣ ክሎክ_ቲ ወይስ ባለ 64 ቢት ቁጥር?

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ከእ.ኤ.አ. 1970 ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ በሳይንድ (አሉታዊም በሚይዝ) ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚቆጥር መሣሪያ ሁሉ በዚያች ሰከንድ መቁጠሪያው ይሞላል፤ የሚይዘው የመጨረሻ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ቀጣዩ ሰከንድ በአብዛኛው መሣሪያ ላይ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ሆኖ ይነበባል። አዳማ ላይ አሁን የሚገጠም የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የሠራተኛ መግቢያ መሣሪያ ወይም የማደያ ተርሚናል ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲያገለግል ታስቦ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ሶፍትዌሩን የሚጽፈውንም፣ ተረክቦ የሚፈርመውንም ይመለከታል።

ምርጫውን የሚያደናግረው በሲ ቋንቋና በሲስተም ፕሮግራሚንግ ውስጥ ጊዜን የሚይዙ ዓይነቶች ብዙ መሆናቸው፣ ሁሉም "ስታንዳርድ" መባላቸው፣ ግን ስታንዳርዱ ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው ዋስትና እጅግ የተለያየ መሆኑ ነው። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ልክ የሠራ ኮድ በትንሿ ቦርድ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ላፕቶፑ የሚሰጣችሁ ነገር ከስታንዳርዱ ዋስትና በላይ ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም።

መጀመሪያ፣ ማን ምን ይላል?

ሁለት ሰነዶችን መለየት ያስፈልጋል። የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ ስለ ታይም_ቲ የሚለው ጥቂት ነው፦ ጊዜን መወከል የሚችል የቁጥር ዓይነት ነው ይላል፤ በቃ። መለኪያው ሰከንድ ይሁን፣ ከየትኛው ቀን ይጀምር፣ ኢንቲጀር ይሁን ወይም ነጥብ ያለው ቁጥር፣ አይወስንም። ይህን የሚሞላው ፖሲክስ፣ ማለትም ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የሚከተሉት ስታንዳርድ ነው። በፖሲክስ መሠረት ታይም_ቲ የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1፣ 1970 እኩለ ሌሊት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። እያንዳንዱ ቀን ልክ 86,400 ሰከንድ ተደርጎ ስለሚቆጠር ከእ.ኤ.አ. 1972 ወዲህ የተጨመሩት 27 ሊፕ ሰከንዶች (ሰዓቱን ከምድር መዞር ጋር ለማስማማት የሚጨመሩ) በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ፖሲክስም ቢሆን በአንድ ቀን አልተጻፈም። የ2001 እትም ታይም_ቲ ነጥብ ያለው ቁጥር እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። የ2008ቱ ኢንቲጀር መሆን አለበት አለ። የ2024ቱ ደግሞ ቢያንስ 64 ቢት እንዲሆን አስገደደ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። አቅራቢ "ሲስተማችን ፖሲክስን ያሟላል" ካላችሁ "የትኛውን እትም?" ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 32 ቢት ታይም_ቲ በ2008 እትም ሕጋዊ ነው፣ በ2024ቱ አይደለም።

መመዘኛዎቹ

አንደኛ፣ ስታንዳርዱ የሚያረጋግጠው የቁጥር ወሰን፤ ማሽናችሁ ዛሬ የሚሰጠው አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የሚለየው ትንሹ የሰከንድ ክፍልፋይ። ሦስተኛ፣ የሚናገረው ስለ ቀንና ሰዓት ነው ወይስ ስለ ቆይታ፤ ይህን የሳተ ኮድ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ዋጋ የለውም። አራተኛ፣ በፋይል ወይም በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ሲሻገር ትርጉሙን ይጠብቃል ወይ? አምስተኛ፣ በስታንዳርዱ ውስጥ የሚቆይ ነው ወይስ እየወጣ ያለ?

ፍጥነትን መመዘኛ አላደረግነውም። በሊኑክስ ላይ ሰዓት የሚያነበው ክሎክ_ጌትታይም ፈንክሽን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሳይገባ መልስ ስለሚሰጥ ለዚህ ተብሎ የሚመረጥ ዓይነት የለም።

ታይም_ቲ

ሙሉ ሰከንድ ለሚበቃው ሥራ፣ ማለትም ለደረሰኝ፣ ለመግቢያ መውጫ ሰዓት፣ ለፋይል ቀን፣ ታይም_ቲ ይበቃል። ጥያቄው ስፋቱ ነው። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ከጥንትም 64 ቢት ነው። ዊንዶውስ ላይ ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2005 ጀምሮ መነሻው 64 ቢት ነው። ኦፕንቢኤስዲ በ2014 በወጣው 5.5 እትሙ በሁሉም ማሽን ላይ 64 ቢት አድርጎታል። ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ላይ ግን ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ከርነሉ 5.6 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲ ከሆነ 2.34 ወይም ከዚያ በላይ፣ ሙስል ከሆነ 1.2.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ በጂሊብሲ ላይ ደግሞ ኮምፓይል ስታደርጉ _ታይም_ቢትስ=64 እና _ፋይል_ኦፍሴት_ቢትስ=64 የሚሉትን ሁለት ማክሮዎች አብራችሁ መስጠት አለባችሁ። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ብቻውን አይሠራም፤ ኮምፓይለሩም በስሕተት ያቆማችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የራሳችሁን ኮድ በ64 ቢት ኮምፓይል አድርጋችሁ፣ በ32 ቢት የተሠራ ሌላ ላይብረሪ ብታገናኙና ያ ላይብረሪ በፈንክሽኖቹ ውስጥ ታይም_ቲ የሚቀባበል ከሆነ፣ አንዱ 8 ባይት ሲጽፍ ሌላው 4 ባይት ያነብባል። ሊንከሩ (የተገነቡትን ክፍሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም) ምንም አይልም። ውጤቱ የተበላሸ ሜሞሪ ወይም በስትራክት (መስኮችን አንድ ላይ በሚይዝ ዓይነት) ውስጥ ቦታቸውን የሳቱ መስኮች ነው። ዴቢያን በ13ኛ እትሙ የ32 ቢት አርም ፓኬጆቹን አንድ ላይ የቀየረው፣ የድሮውን ባለ 32 ቢት ኢንቴል ደግሞ ለነባር ፕሮግራሞች ሲል ሳይነካ የተወው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁሉንም አንድ ላይ መገንባት፣ እና በኮዱ መግቢያ ላይ የታይም_ቲ መጠን ከ8 ባይት ቢያንስ ኮምፓይል እንዳይሆን የሚያደርግ ስታቲክ_አሰርት ማስቀመጥ ነው። አንድ መስመር ናት፤ ከየትኛውም የግምገማ ስብሰባ ትበልጣለች።

ለማተም በፕሪንትኤፍ ውስጥ ለታይም_ቲ የተመደበ ምልክት የለም። ሎንግ ነው ብሎ ማተም ባለ 32 ቢት ቦርድ ላይ ግማሹን ቁጥር ይቆርጣል። ወደ ኢንትማክስ_ቲ ቀይራችሁ በጄ-ዲ ምልክት አትሙ። ልዩነት ለማስላት ዲፍታይም የተባለው ፈንክሽን ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ቀጥታ መቀነስ ሰከንድ እንደሚሰጥ ዋስትና ያለው በፖሲክስ ሥር ብቻ ነው።

አርዱይኖ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። የኤቪአር ላይብረሪ ታይም_ቲ አሉታዊ የማይይዝ 32 ቢት ሲሆን የሚጀምረውም ከእ.ኤ.አ. 2000 ነው። ወደ ሰርቨር ከመላካችሁ በፊት 946,684,800 ካልደመራችሁ መዝገቡ ሁሉ በ30 ዓመት ወደ ኋላ ይገኛል። ኢኤስፒ32 ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአምራቹ የመገንቢያ ስብስብ ከ5.0 ጀምሮ 64 ቢት ነው።

ታይምቫል

ሰከንድና ማይክሮሰከንድ የያዘ ስትራክት ነው፤ በጌትታይምኦፍዴይ ይታወቃል። ፈንክሽኑ በ2008ቱ ፖሲክስ ጊዜው ያለፈበት ተባለ፣ በ2024ቱ ጨርሶ ወጣ። አዲስ ኮድ ውስጥ ልታስገቡት ምክንያት የለም። ስትራክቱ ግን ግብዓት እስኪመጣ በሚጠብቀው ሴሌክትና በሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት) የመጠበቂያ ገደብ ውስጥ ስላለ ጨርሶ አታመልጡትም። የማይክሮሰከንዱ መስክ ዓይነት ሱሴኮንድስ_ቲ ነው፤ ስታንዳርዱ የሚያረጋግጠው ከ-1 እስከ 1,000,000 መያዙን ብቻ ነው። ማክ ላይ ኢንት ነው፣ ሊኑክስ ላይ በአብዛኛው ሎንግ። በዊንዶውስ ሶኬት ውስጥ የሰከንዱ መስክ ራሱ 32 ቢት ነው። ለሴሌክትና ለሶኬት ብቻ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ አታውጡት።

ታይምስፔክ

ሰከንድና ናኖሰከንድ ይይዛል፤ በፖሲክስ ተወለደ፣ በ2011 የሲ ስታንዳርድ ገባ። ከክሎክ_ጌትታይም ጋር ሲሆን ለአብዛኛው ሥራ የምንመክረው ይህን ነው፤ ዋናው ምክንያት ናኖሰከንዱ ሳይሆን የሚነበበውን ሰዓት መምረጥ ማስቻሉ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለ፤ ፓምፑ ለ10 ደቂቃ እንዲሠራ ታዟል። መብራት ጠፍቶ መጣ። ቦርዱ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ ስለሌለው ከታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ጀምሮ መቁጠር ጀመረ። ፓምፑ ተነሣ፣ መነሻ ጊዜው ተመዘገበ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ኔትወርክ ሲመለስ ሰዓቱ በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክለው ፕሮቶኮል) ተስተካክሎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለለ። ክሎክ_ሪልታይምን የሚያነብ ኮድ "10 ደቂቃ አልፏል" ብሎ ፓምፑን ወዲያው ያጠፋል። ሰዓቱ ወደ ኋላ የተመለሰ ቢሆን ደግሞ የከፋ ነው፤ ፓምፑ አይጠፋም። ወደ ፊት ብቻ የሚቆጥረውን ክሎክ_ሞኖቶኒክን የሚያነብ ኮድ ግን ይህ ሁሉ አይነካውም፤ 10 ደቂቃው 10 ደቂቃ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ለቀንና ሰዓት ሪልታይም፣ ለቆይታ ሞኖቶኒክ። የሞኖቶኒክ ቁጥር ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ትርጉሙን ስለሚያጣ ፋይል ውስጥ አታስቀምጡት። ሊኑክስ ላይ ማሽኑ ተኝቶ የቆየበትን ጊዜም አይቆጥርም፤ ያ ካስፈለገ ክሎክ_ቡትታይም አለ፣ እርሱ ግን የሊኑክስ እንጂ የፖሲክስ አይደለም።

የናኖሰከንዱ መስክ የራሱ ታሪክ አለው። ፖሲክስና የ2011ዱ ሲ ዓይነቱ ሎንግ ይሁን አሉ። 999,999,999 በ32 ቢት ሎንግ ውስጥ በደንብ ስለሚገባ ምንም ችግር አልነበረውም፤ ኤክስ32 የተባለው የሊኑክስ አሠራር እስኪመጣ ድረስ። እዚያ ሎንግ 32 ቢት ሲሆን ከርነሉ ግን 64 ቢት መስክ ይጠብቃል። ስለዚህ ጂሊብሲ በኤክስ32 ላይ መስኩን ሎንግ ሎንግ አደረገው፤ ይህም ከስታንዳርዱ በግልጽ የወጣ ነበር። የ2023 ሲ ስታንዳርድ ደንቡን ራሱን አላልቶ ከ0 እስከ 999,999,999 የሚይዝ ማንኛውም ሳይንድ ኢንቲጀር ይበቃል ብሏል። ለእናንተ የሚተርፈው ትምህርት፦ የናኖሰከንዱን አድራሻ እንደ ሎንግ ፖይንተር አታሳልፉ፣ ስታትሙም መጀመሪያ ራሳችሁ ወደ ሎንግ ቀይሩት።

ሲያትሙ የሚደጋገም ስሕተት አለ። 5 ሰከንድ ከ7 ናኖሰከንድን ዜሮ ሳትሞሉ በነጥብ ለይታችሁ ብታትሙ "5.7" ይወጣል፤ ትክክሉ "5.000000007" ነው። የናኖሰከንዱ ስፋት በዘጠኝ አኃዝ፣ በዜሮ ተሞልቶ መታተም አለበት።

ስትቀንሱም ናኖሰከንዱ አሉታዊ ከሆነ ከሰከንዱ 1 ተበድራችሁ 1,000,000,000 ደምሩበት። ይህን ሳታደርጉ ፕሮግራሙን ለተባለው ጊዜ ለሚያስተኛው ናኖስሊፕ ብትሰጡት ኢኢንቫል የተባለ የስሕተት ኮድ ይመልሳል፤ የመለሰውን የማትፈትሹ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይተኛ እየተሽከረከረ ፕሮሰሰሩን ይይዛል።

ስትራክቱን በመስክ ስም ሙሉት እንጂ በቅደም ተከተል አትሙሉት፤ ስታንዳርዱ ለመስኮቹ ቅደም ተከተል ዋስትና አይሰጥም። በ64 ቢት ታይም_ቲ ባለ 32 ቢት ቦርድ ላይ ባዶ ባይቶች በመካከል ወይም በመጨረሻ ስለሚገቡ በሜምኮምፕ ማወዳደር ወይም ስትራክቱን እንዳለ ፋይል ላይ መጻፍም አይሆንም። አንዱ ማሽን 8 ባይት፣ ሌላው 16 ባይት ይጽፋል።

ክሎክ_ቲ

የሚለካው ፕሮሰሰሩ የሠራበትን ጊዜ ነው፤ ተኝቶ የጠበቀበት አይቆጠርም። ፖሲክስ ክሎክስ_ፐር_ሴክ (በአንድ ሰከንድ የሚቆጠረው) 1,000,000 እንዲሆን ስለሚያዝ ባለ 32 ቢት ክሎክ_ቲ በ72 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ታይምስ የተባለው ፈንክሽን በዚሁ ዓይነት ሌላ መለኪያ ይመልሳል፤ በሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 100 ነው። በዊንዶውስ ላይ ክሎክ የሚመልሰው ያለፈውን ጊዜ እንጂ የፕሮሰሰሩን ጊዜ አይደለም፤ ማይክሮሶፍትም ራሱ ከስታንዳርዱ እንደሚለይ ጽፎታል። የፕሮሰሰር ጊዜ ካስፈለጋችሁ ክሎክ_ፕሮሰስ_ሲፒዩታይም_አይዲን በታይምስፔክ አንብቡ።

ስፋቱ የተወሰነ ባለ 64 ቢት ቁጥር

ኢንት64_ቲ የጊዜ ዓይነት አይደለም፤ ትርጉሙን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ለማስቀመጥና ለመላክ ግን ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም በየትኛውም ማሽን 8 ባይት ነው። በናኖሰከንድ ከቆጠራችሁ እስከ እ.ኤ.አ. 2262 ያደርሳችኋል፤ በማይክሮሰከንድ ከሆነ ወሰኑን ልትረሱት ትችላላችሁ። መለኪያውን በመስኩ ስም ውስጥ ጻፉ፤ "ጊዜ" ብቻ የተባለ ዓምድ ከሁለት ዓመት በኋላ ሚሊሰከንድ ይሁን ማይክሮሰከንድ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የባይት ቅደም ተከተሉንም ወስኑ።

መረጃው ጃቫስክሪፕት ወደሚያነብበው ገጽ የሚሄድ ከሆነ ናኖሰከንድ አትላኩ። ጃቫስክሪፕት ሳይሳሳት የሚይዘው ሙሉ ቁጥር እስከ 9,007,199,254,740,991 ነው። የዛሬ ቀን በናኖሰከንድ 19 አኃዝ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ አኃዞች በዝምታ ይለወጣሉ። ማይክሮሰከንድ 16 አኃዝ ነው፣ ይገባል።

| ዓይነት | ስታንዳርዱ የሚያረጋግጠው | ትንሹ ክፍልፋይ | ለቆይታ | ለፋይልና ኔትወርክ | ለአዲስ ኮድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ታይም_ቲ | ከፖሲክስ 2024 ጀምሮ 64 ቢት፤ ከዚያ በፊት ስፋቱ አልተወሰነም | 1 ሰከንድ | አይሆንም | ወደ 64 ቢት ተቀይሮ | አዎ |
| ታይምቫል | ማይክሮሰከንዱ ከ-1 እስከ 1,000,000 | 1 ማይክሮሰከንድ | አይሆንም | አይሆንም | ለሴሌክትና ለሶኬት ብቻ |
| ታይምስፔክ | ናኖሰከንዱ ከ0 እስከ 999,999,999 | 1 ናኖሰከንድ | በሞኖቶኒክ አዎ | እንዳለ አይሆንም | አዎ፣ ቀዳሚ ምርጫ |
| ክሎክ_ቲ | ስፋቱ አልተወሰነም | በፖሲክስ 1 ማይክሮሰከንድ | ለፕሮሰሰር ጊዜ ብቻ | አይሆንም | አይመከርም |
| ኢንት64_ቲ | ልክ 64 ቢት | እናንተ የወሰናችሁት | ምንጩ ሞኖቶኒክ ከሆነ | አዎ፣ ቀዳሚ ምርጫ | አዎ |

የእኛ ሰዓትና የእኛ ቀን

የስድስት ሰዓቱን ልዩነትና የኢትዮጵያን ቀን በየትኛውም ዓይነት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ለማሳያ ብቻ ናቸው። ስትራክት ቲኤም ለወር የሚሰጠው ከ0 እስከ 11 ስለሆነ ለጳጉሜን ቦታ የለውም።

በፖሲክስ የሰዓት ክልል አጻጻፍ ምልክቱ የተገለበጠ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት "ኢኤቲ-3" ተብሎ ነው የሚጻፈው። "ኢኤቲ+3" ብላችሁ ብትጽፉ ማሽኑ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ያሳያል፣ ጠዋት 8:00 መሆን የነበረበት 2:00 ይላል። ያ ደግሞ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ስለሚገጥም አዳማ ላይ የሚያየው ሰው "ልክ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ሰዓቱን አይቶ ወደ 8:00 ሲያስተካክለው ውስጣዊው ቁጥር በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፣ ወደ ሰርቨር የሚላከው መዝገብም አብሮት።

ወደ ኢትዮጵያ ቀን ለመቀየር፦ ሰከንዱ ላይ 10,800 ደምሩ፣ ለ86,400 አካፍሉ፣ 716,367 ደምሩ፤ ይህን ቁጥር "ቀ" በሉት። ዓመቱ (4 × ቀ + 1,463) ÷ 1,461 ነው፣ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ። ከ"ቀ" ላይ 365 × (ዓመት − 1) እና የዓመት ÷ 4 ሙሉ ቁጥርን ቀንሱ። የቀረው ለ30 ተካፍሎ 1 ሲደመርበት ወሩን፣ የማካፈሉ ቀሪ 1 ሲደመርበት ቀኑን ይሰጣል። በዜሮ ሰከንድ ስትፈትኑት ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መስጠት አለበት። ከ1970 በፊት ላለ ቀን፣ ለምሳሌ ለልደት ቀን፣ ሲ ሲያካፍል ወደ ዜሮ ስለሚቆርጥ አንድ ቀን ይዛባል፤ ወደ ታች እንዲቆርጥ አድርጉ።

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

አዲስ ሥራ ከሆነና ቦርዱን የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ባለ 64 ቢት ምረጡ። ውስጥ ለውስጥ ታይምስፔክ፣ ለማስቀመጥ ኢንት64_ቲ በማይክሮሰከንድ። በሲ++ የምትጽፉ ክሮኖ የተባለውን የጊዜ ላይብረሪ ተጠቀሙ፤ የሲስተም ክሎክ መነሻ 1970 መሆኑ ዋስትና ያገኘው በሲ++20 ነው፣ የሚቆጥርበት ክፍልፋይ ግን እስካሁን በየኮምፓይለሩ ይለያያል፣ ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት በዱሬሽን_ካስት ወደ አንድ ክፍልፋይ ቀይሩት።

ቦርዱ ባለ 32 ቢት ሆኖ የመቀየሪያ በጀት ከሌለ፣ ምንጭ ኮዱ ካለ ግን፣ ወጪው የአንድ ሰው የሥራ ጊዜ ነው፦ ከርነሉንና ላይብረሪውን አሳድጎ ሁሉንም በሁለቱ ማክሮዎች እንደገና መገንባት። የድሮ ፋይሎቻችሁ ውስጥ ያለው 4 ባይት ጊዜ ግን በዚህ አይቀየርም፤ ማንበቢያው ለብቻው መጻፍ አለበት።

ተረካቢ ከሆናችሁና ኮድ የማትጽፉ ከሆነ ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር አስገቡ፦ ታይም_ቲ 64 ቢት መሆኑ፣ እና በርክክብ ዕለት የመሣሪያው ሰዓት ወደ እ.ኤ.አ. 2040 ተወስዶ አንድ ሙሉ ሥራ፣ ከመመዝገብ እስከ ሪፖርት ማተም፣ በፊታችሁ መሠራቱ። ፈተናው በእውነተኛ መረጃ ላይ ሳይሆን በቅጂ ላይ ይሁን። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ታይምስታምፕ የተባሉ ዓምዶች ፕሮግራሙ ቢስተካከልም በ2038 የሚቆሙ ስለሆኑ ወደ ዴትታይም እንዲቀየሩ ጠይቁ።

ምንጭ ኮዱ ጠፍቶ ፋይሎቹ ብቻ ከቀሩ፣ 4 ባይቱን አሉታዊ እንደማይይዝ ቁጥር አድርጎ የሚያነብ ማንበቢያ መጻፍ እስከ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7፣ 2106 ያደርሳል። ይህ የሚያዋጣው መዝገቡ ውስጥ ከ1970 በፊት ያለ ቀን ከሌለ ብቻ ነው፤ የሠራተኛ ልደት ያለበት ፋይል ላይ አትሞክሩት።